ክትባቱ «ፓስቹሬላ» ይላል፣ የላብራቶሪው ወረቀት «ማንሃይሚያ» ይላል፤ ስሙ ነው ወይስ በሽታው የተለየው?

የሞላሌ ልጅ ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከመንዝ ነው የምጽፈው። ቤተሰባችን የሚኖረው በበግ ነው። አባቴ 43 በጎች ነበሩት፣ አሁን 37 ቀርተዋል። ስድስቱ ያለቁት በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ውርጩ በበረታበት ሳምንት አባቴ ከገበያ አራት በግ ገዝቶ ከእኛዎቹ ጋር ቀላቀላቸው። በአምስተኛው ቀን ሳል ተሰማ። መጀመሪያ ጠቦቶቹ ሳሉ። ከዚያ ንፍጥ፣ ትኩሳት፣ ጆሮ መጣል መጣ። አንዲት እናት በግ ደግሞ ማታ ደህና ገብታ ጠዋት ሞታ አገኘናት።

የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥታ የሞተችውን ከፈተቻት። እኔ ባትሪ ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። የሳንባው የፊትና የታችኛው ክፍል ጠቆር ያለ ቀይ ሆኗል። ሲነኩት ድፍን ነው። የኋላው ክፍል ግን ሮዝ ነው፣ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ድንበሩ በቢላ የተሰመረ ይመስላል። ስስ ቢጫ ሽፋን ሳንባውን ከጎድን አጥንቱ ጋር አጣብቆታል። አባቴ አየና «ይሄማ ጉበት ነው እንጂ ሳንባ አይደለም» አለ።

ባለሙያዋ ከሁለት በጎች ናሙና ወስዳ ላከች። ውጤቱ ትናንት መጣ። ለአንዷ «ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ» ይላል። ለሌላዋ «ቢበርስቴይኒያ ትሬሃሎሲ» ይላል። እኔን ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። በጎቻችን ሰኔ ላይ ተከትበዋል፣ የተከተቡት ደግሞ ለ«ፓስቹሬላ» ነው። የአጎቴን የድሮ የኮሌጅ ማስታወሻ ስከፍት ደግሞ የበግ ሳንባ በሽታ የሚመጣው «ፓስቹሬላ ሄሞሊቲካ» በሚባል ባክቴሪያ ነው ይላል።

ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ስም። አባቴ «የተከተቡት ለሌላ በሽታ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

—

ጣርማበር ፦

እግዜር ይተካላችሁ ወንድሜ። በኛም በኩል በዚህ ብርድ የማይስል በግ የለም።

እኔ እስከማውቀው ያው አንድ ነው። የድሮውን ስም ቀይረውት ነው። ፓስቹሬላ የነበረው ማንሃይሚያ ተባለ፣ አለቀ። ብዙ አትጨነቅ።

—

ዶክተሯ ከደብረ ብርሃን ፦

የሞላሌ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ስለ ሳንባው የጻፍከው መግለጫ ከብዙ የክሊኒክ ሪፖርት ይበልጣል። ጣርማበር ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ልክ ስላልሆነ ነው ሰው በጉን ከትቦም የሚያጣው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስሙ እንዴት እንደሚሠራ። እኛ ስንጠራ የራስን ስም እናስቀድምና የአባትን እናስከትላለን። የባክቴሪያ ስም ተገላቢጦሽ ነው። ፊት የሚመጣው የወገኑ ስም ነው፣ የራሱ ስም ይከተላል። «ፓስቹሬላ ሄሞሊቲካ» ሲባል ፓስቹሬላ የቤቱ ስም ነው። ሄሞሊቲካ የልጁ ነው። ልጁ የዚያ ቤት እንዳልሆነ በምርመራ ሲታወቅ የቤቱ ስም ይነሳል፣ የራሱ ስም ግን አብሮት ይሄዳል። ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ የተባለው እንደዚያ ነው። ሄሞሊቲካ አልተነካም።

አሁን ታሪኩ። ፓስቹሬላ የሚለው ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1887 ለሉዊ ፓስተር ክብር ነው። ፓስተር በ1880 ገደማ የዶሮ ኮሌራ በሚባለው በሽታ ላይ ሠርቷል። የዚያ በሽታ ባክቴሪያ ዛሬ ፓስቹሬላ ሙልቶሲዳ ይባላል። ሙልቶሲዳ በላቲን «ብዙዎችን ገዳይ» ማለት ነው። ዶሮ፣ ከብት፣ በግ፣ አሳማ፣ ጥንቸል፣ ሁሉንም ስለሚይዝ ነው።

ፓስቹሬላ ሄሞሊቲካ የሚለው ስም የመጣው በ1932 ነው። ኒውሰምና ክሮስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከበግ ሳንባ ምች ያገኙትን ባክቴሪያ እንዲህ አሉት። ሄሞሊቲካ ማለት «ደም አፍራሽ» ነው። ደም በተቀላቀለበት ማብቀያ ላይ ሲዘራ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሙልቶሲዳን ይመስላል። ትንሽ ዘንግ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ቀለም የያዙ። ስለመሰለ እዚያ ቤት አስገቡት። በዚያን ጊዜ ከመልክና ከምግብ ባሕርዩ ሌላ መለያ አልነበረም።

ግን ብዙም ሳይቆይ ይህ ሄሞሊቲካ ራሱ አንድ እንዳልሆነ ታየ። በ1960 ገደማ ለሁለት ከፈሉት። አራቢኖስ የሚባለውን ስኳር የሚያፈላውን «ባዮታይፕ ኤ» አሉት፣ ትሬሃሎስ የሚባለውን የሚያፈላውን «ባዮታይፕ ቲ»። የሚያመጡት በሽታም ይለያያል። ኤ በአብዛኛው የሳንባ ምች ያመጣል። ቲ ደግሞ አደግ ያሉ ጠቦቶችን ደም ውስጥ ገብቶ በድንገት ይገድላል። ማታ ደህና ገብታ ጠዋት ሞታ ተገኘች ያልካት በግ እነዚህ ሁለት ስሞች ለምን እንደተለያዩ በደንብ ታሳያለች።

የቲው ቡድን በ1990 «ፓስቹሬላ ትሬሃሎሲ» ተባለ። የራሱ ስም አገኘ፣ ቤቱ ግን አሁንም ፓስቹሬላ ነበር። በ1999 አንገን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የኤውን ቡድን በዘረ መል መርምሮ ከፓስቹሬላ ቤት አወጣው። አዲሱን ወገን ማንሃይሚያ አለው። ስሙ የተወሰደው በዚህ ቡድን አመዳደብ ላይ ብዙ ከደከመው ጀርመናዊ፣ ከዋልተር ማንሃይም ነው። በ2007 ትሬሃሎሲም ወጣ። ቢበርስቴይኒያ ተባለ። ያ ደግሞ ኤርንስት ቢበርስታይን ለሚባሉ በካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ ለሠሩ ምሁር መታሰቢያ ነው። እኒህ ሰው ባክቴሪያዎቹን በሽፋናቸው እየለዩ ቁጥር የሰጡ ናቸው። ወደዚህ ቁጥር እመለሳለሁ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው።

እንግዲህ የአጎትህ ማስታወሻ አልተሳሳተም፣ የቆየ ነው። የላብራቶሪው ወረቀትም ልክ ነው። የክትባቱን ጉዳይ ግን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ብልቃጡ ላይ «ፓስቹሬላ» ብቻ ነው የተጻፈው፣ ወይስ ከኋላው ሌላ ስም አለ?

—

የሞላሌ ልጅ ፦

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። የአባት ስም ብለሽ ስታስረጂው ወዲያው ገባኝ። ለአባቴም እንደዚያው ነገርኩት። «ታዲያ አባቱ ሌላ መሆኑን በምን አወቁ?» አለኝ። እኔም ያው ጥያቄ አለኝ።

ብልቃጡ ባለሙያዋ ጋ ነው ያለው። ነገ አያለሁ።

—

ደም ሰሃን ፦

ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ የአባትህን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

ሁለት ደረጃ አለው። አንዱ በዓይን የሚታይ ነው። ናሙናውን የበግ ደም በተቀላቀለበት ሰሃን ላይ እንዘራለን። አንድ ሌሊት በ37 ዲግሪ እናሳድረዋለን። ጠዋት ስንከፍተው ሙልቶሲዳ ከሆነ ግራጫ፣ አንዳንዴ ንፍጥ የመሰለ ጠብታ ይሆናል። ሽታ አለው፣ አንዴ የለመደው ሰው አይረሳውም። ደሙን ግን አያፈርስም። ሄሞሊቲካ ከሆነ በጠብታው ዙሪያ ጠባብ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። አንዳንዴ ቀለበቱ በጣም ስለሚጠብ ከላይ አይታይም። ያን ጊዜ ጠብታውን በቀጭን ሽቦ ጫፍ ገፋ አደርገዋለሁ። ከሥሩ ያለው ደም ጠርቶ ብርሃን ሲያሳልፍ አየዋለሁ። ይቺን ያልለመደ ሰው «ደም አያፈርስም» ብሎ ሌላ ስም ሊጽፍበት ይችላል።

ቀጥለን ማኮንኪ በሚባል ማብቀያ ላይ እንዘራዋለን። ማንሃይሚያ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይበቅላል፣ ሙልቶሲዳ አይበቅልም። የኢንዶል ምርመራም አለ፤ ኢንዶል አንዳንድ ባክቴሪያ የሚያወጣው ኬሚካል ነው። ሙልቶሲዳ ኢንዶል ይሰጣል፣ ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ አይሰጥም። በትሬሃሎስ ስኳር ደግሞ ማንሃይሚያንና ቢበርስቴይኒያን እንለያለን። ትሬሃሎሱ ቀለም ከቀየረ ቢበርስቴይኒያ ነው። ሁለቱ ወረቀቶችህ ላይ ሁለት ስም የመጣው ምናልባት በዚች አንዲት ቱቦ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ዘረ መሉ ነው። ይህ በየቀኑ የምንሠራው ሥራ አይደለም። አባቱን የሚለየው ግን ይህ ነው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የሚባል መሣሪያ አለው። የዚህን መሣሪያ አንድ ክፍል የሚጽፈው ዘረ መል፣ 16ኤስ የሚባለው፣ በጣም በዝግታ ነው የሚለወጠው። የሁለት ባክቴሪያዎችን 16ኤስ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የሁለት ሰዎችን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ እንደ መቁጠር ነው። ቶሎ የሚገናኙት ቅርብ ዘመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ዎዝና ባልደረባው በዚህ መንገድ የሕያዋንን ሁሉ አመዳደብ አናወጡት። የ1999ኙ ሥራም ይህንኑ ይዞ፣ የሁለት ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ምን ያህል እንደሚጣበቅ የሚለካውን ዘዴ ጨምሮበት ነው ሄሞሊቲካ የሙልቶሲዳ ወንድም አለመሆኑን ያሳየው። በአንድ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፣ ቤታቸው ግን የተለያየ ነው።

በነገራችን ላይ የኤው ቡድን ሲወጣም አንድ ሆኖ አልወጣም። አምስት ዝርያ ሆነ። ሄሞሊቲካ፣ ግሉኮሲዳ፣ ግራኑሎማቲስ፣ ሩሚናሊስ፣ ቫሪጄና። ሩሚናሊስ ከበግና ከከብት ጨጓራ የሚገኝ ነው፣ ብዙም አያስቸግርም። በድሮው ስም ቢሆን ያም «ፓስቹሬላ ሄሞሊቲካ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ጉዳት የሌለውና ገዳዩ በአንድ ስም።

—

ጋሽ ባሶ ፦

ልጆቼ፣ ያነበብኩት ሁሉ ደስ ብሎኛል። እኔ በባሶና ወራናና በአንጎለላ በኩል ለ28 ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

አንድ ነገር ልበል። እኛ ስንሠራ ስሙ ፓስቹሬላ ነበር። በግ ሳለች፣ አተኮሳት፣ ኦክሲ፣ ማለትም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት፣ ወጋናት፣ ቶሎ ከደረስን ዳነች። ከዘገየን ሞተች። አሁን ስሙ ማንሃይሚያ ሆነ። አሁንም ኦክሲ ነው። ታዲያ ለገበሬው ምን ተለወጠ? ምሁራኑ ስም በቀያየሩ ቁጥር መጽሐፉ ይለወጣል፣ ባለሙያው ግራ ይጋባል፣ ካርዱ አንድ ይላል ወረቀቱ ሌላ። ይኸው ይህ ልጅ ተቸገረ። እኔ ለመቃወም አይደለም፣ እውነት ስለሚያሳስበኝ ነው።

—

ዶክተሯ ከደብረ ብርሃን ፦

ጋሼ፣ እርስዎ በእግር የዞሩበትን አገር እኛ ዛሬ በሞተር እንኳ አንደርስበትም። የሚሉት በሕክምናው በኩል ልክ ነው። የታመመች በግ ፊት ቆመን ስሙ ማንሃይሚያ ይሁን ፓስቹሬላ የመጀመሪያው እርምጃ ብዙም አይለወጥም። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። (ኦክሲውን ግን ገበሬው ራሱ ከገበያ እየገዛ በግምት ሲወጋ መድኃኒቱ እየለመደባቸው ነው። እሱ ሌላ ክር ይፈልጋል።)

ነገሩ የሚለወጠው ክትባት ላይ ነው። ቁጥሩን አስረዳለሁ ብዬ ነበር፣ እሱን ልንገራችሁ።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ላያቸው ላይ ካባ አላቸው። ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ሽፋን ነው። የበጓ ሰውነት መጀመሪያ የሚያየው ይህን ካባ ነው። ካባው ዓይነት በዓይነት ስለሆነ ቁጥር ይሰጠዋል። ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ6፣ ኤ7 እየተባለ አሥራ ሁለት አለው። ቢበርስቴይኒያ ቲ3፣ ቲ4፣ ቲ10 እና ቲ15 ነው። ኤ11 የነበረው ደግሞ ዛሬ ማንሃይሚያ ግሉኮሲዳ ሆኖ ለብቻው ወጥቷል። በብዙ አገር ከበግ ሳንባ በብዛት የሚገኘው ኤ2 ነው። ከከብት ኤ1።

በአንዱ ቁጥር የተከተበች በግ ለሌላው ቁጥር በደንብ አትከላከልም። ኤ2 ደግሞ ልዩ ተንኮል አለው። ካባው የተሠራው ከሲያሊክ አሲድ ነው። ያ ነገር በበጓ በራሷ ሰውነት ውስጥም አለ። ስለዚህ የሰውነቷ ዘበኛ ሲያየው የቤት ሰው ይመስለዋል፣ አይጮህበትም። ጥሩ የኤ2 ክትባት መሥራት የከበደው በዚህ ነው።

ሌላም አለ። ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ ሉኮቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። የሚያመሰኩ እንስሳትን ነጭ የደም ሴል ይገድላል። ሴሎቹ ሲሞቱ የያዙት ነገር ሳንባው ውስጥ ይፈስሳል። ያ አባትህ ጉበት ያለው ድፍን ሳንባ፣ ያ ቢጫ ሽፋን፣ በአብዛኛው የዚህ ውጊያ ፍርስራሽ ነው። ይህን መርዝ ሙልቶሲዳ አያመነጭም። የሙልቶሲዳ ኤ ካባ ደግሞ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ሌላ ነገር ነው። በካባም በመርዝም አይገናኙም።

አሁን ወደ ጥያቄው። በአገራችን ለበግ ሲሰጥ የቆየው የፓስቹሬሎሲስ ክትባት የተሠራው ከፓስቹሬላ ሙልቶሲዳ ባዮታይፕ ኤ ነው (ይህ ኤ የሙልቶሲዳ ነው፣ ከሄሞሊቲካው ኤ ጋር አንድ አይደለም)። በደጋው አገር በበግ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ደጋግመው ያገኙት ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካን ነው። የድሮው ስም ሁለቱንም ፓስቹሬላ ሲል ይህ ክፍተት አይታይም ነበር። ክትባቱ ፓስቹሬላ፣ በሽታው ፓስቹሬላ፣ ታዲያ ምን ጎደለ? አዲሱ ስም ግን ገና ሲነበብ ክፍተቱን ያሳያል። ጋሼ፣ እኔ ለስሙ የምከራከረው ለዚህ ነው።

—

ጋሽ ባሶ ፦

ልጄ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ከትበናቸው የሞቱ በጎች ስንት ናቸው! ገበሬው «ክትባታችሁ አይረባም» ሲለኝ «ዘግይታችሁ አምጥታችሁ ነው» እል ነበር። አንዳንዱ በእርግጥ ዘግይቶ ነበር። አንዳንዱ ግን በሰዓቱ ያመጣ ነበር። አንዲት የጫጫ ሴት ትዝ አለችኝ። ሰባት በጓን በወቅቱ አስከትባ አራቱ ሞተውባታል። ያን ቀን የተናገርኳት ቃል ይቆጨኛል።

—

ጣርማበር ፦

ጋሼ ያኔ በነበረው እውቀት ነው የሠሩት። እኔም «ያው ነው» ያልኩትን አንስቻለሁ። ያው አይደለም።

—

ነርሷ ፦

እኔ የሰው ነርስ ነኝ። ከእናንተ ክር ውስጥ ገባሁ እንጂ ስለ በግ አላውቅም። ግን «ሰፊ ቤተሰብ» ሲባል አንድ ነገር ገረመኝና ልጠይቅ። እኛ ሕፃናትን ከምንከትብባቸው አንዱ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ነው። ሄሞ የምትለዋ ከሄሞሊቲካ ጋር አንድ ናት? ዘመድ ናቸው?

—

ደም ሰሃን ፦

እህቴ፣ ጥሩ ዓይን አለሽ። አዎ፣ ዘመድ ናቸው። ሁለቱም ፓስቹሬላሴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ሄሞ ደም ማለት ነው። ሄሞሊቲካ ደም አፍራሽ፣ ሄሞፊለስ ደም ወዳድ። ያ ባክቴሪያ ከደም ውስጥ የሚያገኛቸው ሁለት ነገሮች ካልቀረቡለት ሰሃን ላይ አይበቅልም።

የእሱ ስም ታሪክ ከበጉ ይበልጥ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1892 ሪቻርድ ፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ ከኢንፍሉዌንዛ ታማሚዎች አክታ ውስጥ ይህን ባክቴሪያ አገኘ። የበሽታው መነሻ ይህ ነው አለ። ስሙም ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ቀረ። ከዚያ የ1918ቱ ወረርሽኝ መጣ። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አውጥተን የምናቃጥለው ለዚያ መታሰቢያ ነው። በዚያን ሰዓት በዓለም ላይ ብዙ ሐኪሞች የፋይፈርን ባክቴሪያ ሲያሳድዱ ነበር። ክትባትም ከእሱ የሠሩ ነበሩ። እውነተኛው መነሻ ቫይረስ መሆኑ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 ነው።

ስሙ ግን አልተቀየረም። ሰው ለምን ይላል። የባክቴሪያ ስም ሕግ አለው። ቀድሞ በሥርዓቱ የወጣ ስም፣ ትርጉሙ ስሕተት ቢሆን እንኳ፣ ለዚያ ብቻ ተብሎ አይጣልም። ስም የሚለወጠው ዝምድናው ሲለወጥ ነው። ሄሞሊቲካ ቤት የቀየረው በዝምድና ነው። ኢንፍሉዌንዛ ስሙን ይዞ የቀረው የተሳሳተው ትርጉሙ ብቻ ስለሆነ ነው። የሕፃናቱ ክትባት የጉንፋን ክትባት አይደለም። ዓይነት ቢ የሚያመጣውን የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ነው የሚከላከለው። ቢ የምትለዋ ፊደልም የካባው መለያ ናት፣ ልክ እንደ በጉ ኤ2።

—

ነርሷ ፦

እናቶች «ጉንፋን ያዘው እኮ፣ ክትባቱ የት ሄደ?» ይሉኛል። በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት የምሰጠውን ክትባት አሁን በደንብ አስረዳቸዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

—

ዶሮ አርቢ ፦

እኔም ልጠይቅ። የዶሮ ኮራይዛ፣ ፊታቸው የሚያብጠውና ንፍጥ የሚወርዳቸው፣ ክትባቱ ላይ «ሄሞፊለስ ፓራጋሊናረም» ይላል። በአዲስ መጽሐፍ ግን ሌላ ስም አየሁ።

—

ዶክተሯ ከደብረ ብርሃን ፦

አቪባክቴሪየም ፓራጋሊናረም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ነው። ከሄሞፊለስ ቤት ወጣ። ባክቴሪያው ያው ነው፣ ክትባቱ ላይ ያለው የድሮ ስሙ ነው። ያንተ ጉዳይ የስም ብቻ ነው። የሞላሌው ልጅ ግን የስም ብቻ አይደለም። ልዩነቱን የምናውቀው ሁለተኛውን ስም በማየት ነው። ያንተ ፓራጋሊናረም በሁለቱም ላይ አለ። የእሱ ግን ከብልቃጡ ላይ ሙልቶሲዳ ከሆነ፣ ከወረቀቱ ላይ ሄሞሊቲካና ትሬሃሎሲ ነው።

—

የሞላሌ ልጅ ፦

ብልቃጡን አየሁት። ባለሙያዋ ከማቀዝቀዣ ሳጥኑ አውጥታ ሰጠችኝ። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንስቼ አስፍቼ ነው ያነበብኩት። ሙልቶሲዳ ይላል። ሄሞሊቲካ የሚል የለም። ትሬሃሎሲም የለም።

ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲህ በጎቹ የተከተቡት ለአጎቱ ልጅ ነው» አለ።

የገዛናቸውን አራት በጎች ዛሬ ከሌሎቹ ለየናቸው። ቢዘገይም ባለሙያዋ ለዩ አለችን። ሌሊት የሚያድሩበትን ቤትም ከላይ ትንሽ ከፈትነው፣ እርጥበቱና ሽንቱ ዓይን ያቃጥል ነበር። አንዲት ጠቦት ዛሬም ትስላለች።

ዶክተር፣ እሷ ብትሞትብን ናሙናው ቁጥሩ እንዲታወቅ፣ ማለቴ ኤ2 ይሁን ሌላ እንዲለይ፣ እንዴት ነው የምንይዘው? ባለሙያዋ ናት የጠየቀችኝ።

—

ዶክተሯ ከደብረ ብርሃን ፦

መለየታችሁ ጥሩ አድርጋችኋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጤነኛ በግ ጉሮሮና አፍንጫ ውስጥም ያድራሉ። ወደ ሳንባ የሚወርዱት ብርድ፣ ጉዞ፣ ረሃብ ወይም ሌላ ቫይረስ ሲያዳክማት ነው። የገበያ በግ ሁሉም ደርሶባታል። ከእንግዲህ የተገዛ በግ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይደር።

ናሙናው እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ መድኃኒት ያልተወጋች ብትሆን ይመረጣል። ከተወጋች መቼና በምን እንደተወጋች ጻፉ። ከሞተች ብዙ ሳትቆይ ትከፈት። ሳንባው ውስጥ ያንን በቢላ የተሰመረ የሚመስለውን ድንበር አይተሃል። ከድፍኑ መሃል አትቁረጡ። ከድንበሩ ላይ ይቆረጥ፣ ግማሹ ድፍን ግማሹ ሮዝ ሆኖ። ባክቴሪያው በሕይወት በደንብ የሚገኘው እዚያ ነው። በንጹሕ ዕቃ፣ በበረዶ ተከቦ፣ ራሱ ግን በረዶ ሳይሠራና ሳይደርቅ፣ በዚያው ቀን ይላክ። በድንገት የሞተች ከሆነች ደግሞ ከሳንባው ሌላ ጉበትና ጣፊያም ጨምሩ፣ ትሬሃሎሲ ደም ውስጥ ስለሚገባ።

የላብራቶሪ መጠየቂያው ላይ «ፓስቹሬላ» ብላችሁ እንዳትጽፉ ለባለሙያዋ ንገራት። «የማንሃይሚያና የቢበርስቴይኒያ ሴሮታይፕ ይለይ» ብላ ትጻፍ። ሴሮታይፕ ማለት ያ የካባው ቁጥር ነው።

—

ደም ሰሃን ፦

ሁለቱ የቀደሙት ናሙናዎችም አልተጣሉ ይሆናል። ላብራቶሪዎች የለዩትን ባክቴሪያ አቀዝቅዘው የሚያቆዩበት ጊዜ አለ። ጠቦቷ እስክትሞት ከመጠበቅ መጀመሪያ ደውላ ትጠይቅ። የናሙናው ቁጥር ወረቀቱ ራስጌ ላይ አለ።

—

የሞላሌ ልጅ ፦

አገኘሁት፣ በቀኝ በኩል ላይ ነው። ነገ ጠዋት ትደውላለች። ጠቦቷ አሁን ትንሽ ሣር ቀምሳለች።